የሎሚያችን ትል መብላት አቆመ፤ ምን ላድርግ?

የባሕር ዳር እናት | መስከረም 18

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ግቢያችን ውስጥ አንድ የሎሚ ዛፍ አለ። ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ ለጋ ቅጠል አብዝቶ አወጣ። የሰባት ዓመቷ ልጄ ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር አይታ በእንጨት ልትጠርገው ስትል ኩሱ ተንቀሳቀሰ። ለካ ትል ነው! ጥቁርና ነጭ፣ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ። ፈልገን ፈልገን አምስት አገኘን። አንዱ ከሌሎቹ ቀድሞ አድጓል። አረንጓዴ ሆኗል፣ ወፍሯል፣ ትንሿን ጣቴን ያህላል። ልጄ «ጎመን» ብላ ስም አወጣችለት። ትንንሾቹን «ኩሶቹ» ነው የምትላቸው።

ከነቅጠላቸው ካርቶን ውስጥ አስገብተን አፉን በአሮጌ አጎበር ሸፈንነው። በቀን ሁለቴ ትኩስ ቅጠል እንሰጣለን። ጎመን ሌት ተቀን ይበላ ነበር። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ፋንድያው ካርቶኑ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኛል።

ትናንት ማታ ግን መብላቱን አቆመ። ዛሬ ጠዋት ከሥሩ ውኃ የመሰለ ነገር ለቆ አገኘነው። ቅጠሉን ትቶ የካርቶኑን ግድግዳ ይዞራል፣ ይዞራል። የባለቤቴ እናት አይተውት «ሆዱን አሞታል፤ አውጥታችሁ ጣሉት» አሉ። ልጄ እያለቀሰች ትምህርት ቤት ሄደች። ቅጠሉ ተመርዞ ይሆን? ምን ላድርግ?

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ሲነኩት ከአንገቱ በላይ ሹካ የመሰለ ብርቱካንማ ቀንድ ያወጣል፤ ይሸታልም። ልጄን ይጎዳታል?

መምህር ከደብረ ማርቆስ | መስከረም 18

እህቴ አይዞሽ፤ ጎመን አልታመመም። ቢራቢሮ ሊሆን እየተሰናዳ ነው። ያ ውኃ የመሰለው ሆዱ ውስጥ የቀረው ምግብ ነው። ትሉ ፑፓ ከመሆኑ፣ ማለትም ቢራቢሮ እስኪሆን ሳይበላ ጸጥ ብሎ የሚቆይበት ሽፋን ውስጥ ከመግባቱ በፊት አንጀቱን ባዶ ያደርጋል። ከዚያ ሲበላበት የኖረውን ቅጠል ትቶ ጸጥ ያለ ቦታ ፍለጋ ይዞራል። ብዙ ሰው ታመመ ብሎ የሚጥለው በዚህ ሰዓት ነው። ልጅሽ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጀመሪያ ይህንን ንገሪያት።

አንድ ሁለት ደረቅ ጭራሮ ካርቶኑ ውስጥ ዘንበል አድርገሽ አቁሚለት። ከዚያ በኋላ እጅሽን ሰብስቢ። ቦታውን መርጦ ከቆመ በኋላ ካርቶኑን አታንቀሳቅሱት፣ ትሉንም አትነካኩት። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ለተማሪዎቼ ላሳይ ብዬ ቅርንጫፉን ይዤ ከክፍል ክፍል ዞርኩ። ራሱን ያሰረበት ክር ተበጠሰ፣ ትሉ ወደቀ፣ ቆዳውን አውልቆ ሳይጨርስ ሞተ። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

ስለ ቀንዱ አትስጊ። ጉንዳንና ወፍ ማባረሪያው ነው። ይከረፋል እንጂ ሰው አይጎዳም። ይሄኛው ትል ጸጉርም የለውም፤ አያሳክክም። ጸጉራም አባጨጓሬ ካየች ግን በባዶ እጇ እንዳትነካ አስጠንቅቂያት።

በሳይንስ ስሙ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ይባላል። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በብዛት አለ። እንቁላሉን ሎሚ፣ ብርቱካንና መንደሪን ላይ ነው የሚጥለው። ትንሽ ሳለ የወፍ ኩስ የሚመስለው ከወፍ ለመሰወር ነው፤ ኩስ የሚበላ ወፍ የለማ። እያደገ ሲሄድ ግን ለኩስ በጣም ይገዝፋል። ስለዚህ ለአራተኛ ጊዜ ቆዳውን ሲለውጥ አረንጓዴ ሆኖ ቅጠል ይመስላል። የአንቺ ጎመን እዚያ ደርሶ ነው ያገኘሽው።

የባሕር ዳር እናት | መስከረም 20

መምህር እግዜር ይስጥልኝ። ልጄ ስትሰማ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ነው የሳቀችው።

ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በስልኬ መብራት አየነው። ጎመን አንዱን ጭራሮ መርጧል። በአፉ ነጭ ክር እያወጣ ጭራሮው ላይ እንደ ጥጥ ያለች ትንሽ ጉብታ ሠራ። ዞሮ የኋላ እግሩን እዚያች ላይ ተከለ፤ ጭንቅላቱ ወደ ላይ ሆነ። ከዚያ ጭንቅላቱን ቀልብሶ ክሩን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን ይወስዳል፣ ይመልሳል። ደጋግሞ፣ ደጋግሞ። ክሩ ተደራርቦ መቀነት ሆነ። ሲጨርስ ራሱን በመቀነቱ ሥር አሾለከና ወገቡ ላይ አዋለው። ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ተደገፈበት። ያቺ ቀጭን ክር ያንን ሁሉ ሥጋ ያዘችው!

ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ጀርባው ላይ ቆዳው ተሰነጠቀ። እንደ ካልሲ እየተሸበሸበ ወደ ታች ወረደ። ከሥሩ የወጣው ግን ትል አይደለም። እግር የለው፣ አፍ የለው። አረንጓዴ፣ ጎባጣ፣ ከላይ ሁለት ጉጥ ያለው ነገር ነው። እየተወዛወዘ አሮጌውን ቆዳ አራግፎ ጣለና ጸጥ አለ።

የባለቤቴ እናት ቆመው ሲያዩ ቆይተው «ተገነዘ» አሉ። ሌላ ቃል አልተናገሩም፤ ነጠላቸውን ሰብስበው ገቡ። ልጄ «ተገነዘ ማለት ምንድን ነው?» እያለች አላስተኛችኝም።

ችግኝ አፍይ ከመቂ | መስከረም 20

ቅር እንዳትሰኙብኝ። እኔ የሎሚና የብርቱካን ችግኝ አፍልቼ ነው የምኖረው። ይህ ትል ለእናንተ ልጅ ማስደሰቻ ነው፤ ለእኔ የእንጀራ ጉዳይ ነው። አንድ የወፈረ ትል አንድ ለጋ ችግኝ ራቁቱን ያስቀራል። ባለፈው ክረምት ለሦስት ቀን ሐዘን ቤት ሄጄ ስመለስ አንድ ሙሉ መደብ ግንዱ ብቻ ቀርቶ ጠበቀኝ። ለገዢ ቃል የገባሁበት ችግኝ ነበር። ስለዚህ እባካችሁ ችግኝ ያለበት ሰፈር ወስዳችሁ አትልቀቁት።

መድኃኒት ግን አልረጭም። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን እየገለበጥኩ በእጄ እለቅማለሁ። እንቁላሉ ክብ፣ ቢጫ፣ ከጤፍ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። እናቲቱ ቢራቢሮ አንድ በአንድ ነው የምትጥለው እንጂ እንደ ሌሎቹ ተባዮች በክምር አይደለም። ዓይን ከለመደው ይታያል።

መምህር ከደብረ ማርቆስ | መስከረም 20

ወንድሜ እውነትህን ነው። ትልቅ ዛፍ አምስት ትል ቢበላው ምንም አይሆንም፤ ችግኝ ግን ያልቃል። ችግኙን በቀጭን መረብ መሸፈንም ይረዳል፤ እናቲቱ ቅጠሉን በእግሯ ሳትነካ እንቁላል አትጥልም። ሎሚ መሆን አለመሆኑን የምትቀምሰው በእግሯ ነው።

ጤና አዳም ከሜሪላንድ | መስከረም 21

የኔ እህት፣ ጽሑፍሽን ሳነብ እንባዬ ነው የመጣው። እኔም በዚህ ሳምንት እንደ አንቺ ልጅ ሆኛለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ አፓርታማ ውስጥ። ለቡናዬ ብዬ በረንዳ ላይ በማሰሮ ጤና አዳም አሳደግኩ። ስድስት ዓመት ሆነው፤ እንደ ልጅ ነው የማየው። ባለፈው እሑድ ቡና አፍልቼ ቅጠል ልቆርጥ ስወጣ ግማሹ ተበልቷል! አረንጓዴ፣ ጥቁር ቀለበት ያለው፣ ቀለበቱ ላይ ቢጫ ነጥብ የተረጨበት ትል። ሰባት ነበሩ። መጀመሪያ በጣም ተናደድኩ። ልጄ በስልኩ ፈልጎ ብላክ ስዋሎውቴይል የሚባል ቢራቢሮ ትል መሆኑን ነገረኝ። እነሱም ስነካቸው ያንኑ ብርቱካንማ ሹካ ያወጣሉ።

እዚህ አገር ሰው የሚያውቃቸው በፓርስሊ፣ በካሮት ቅጠልና በእንስላል ላይ ነው። ጤና አዳም ግን በጣም ይወዳሉ። በረንዳዬ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቲቱ ያንን ሁሉ ፎቅ ወጥታ የእኔን ማሰሮ እንዴት አገኘችው?

መምህር ከደብረ ማርቆስ | መስከረም 21

ሽታውን ተከትላ ነው እንጂ! ጤና አዳምና ሎሚ የአንድ ቤተሰብ ዕፅ ናቸው፤ ሩታሴ ይባላል። ቅጠላቸውን በጣትሽ አሽተሽ ብታሸቺው ሁለቱም ጠንካራ ዘይት አላቸው። የባሕር ዳሩ ትልና የሜሪላንዱ ትል ዘመዳሞች ናቸው፤ የሁለቱም የመጀመሪያ ስም ፓፒሊዮ ነው። ውቅያኖስ ለያይቷቸውም ቢሆን የወደዱት አንድ ዓይነት ሽታ ነው።

ነታንያ ነኝ | መስከረም 22

እኔም ልጨምር። እዚህ እስራኤል ጤና አዳም በየሜዳውም ይበቅላል፤ እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በየግቢያችን ተክለነዋል። እዚህ ያለው ቢራቢሮ ማካኦን ነው የሚባለው፤ ቢጫና ጥቁር፣ ከኋላው ጭራ ያለው። እናቴ ሁልጊዜ ትሉን ለቅማ ትጥል ነበር። አሁን አንዱን ማሰሮ ለእነሱ ለይታለች። ለልጆች ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ጤና አዳም ቆርጣችሁ ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ውኃ ያስቋጥራል። እጃቸውን በሳሙና አስታጥቧቸው።

የድሬ ልጅ | መስከረም 22

እኛ ጋ ሎሚ መፈለግ አያስፈልግም። ከድሬዳዋ ወጣ ሲሉ ጦቢያ ሞልቷል፤ ያ ቅጠሉ ሰፋፊ፣ ፍሬው ፊኛ የመሰለው፣ ሲቆርጡት ነጭ ወተት የሚያፈሰው ቁጥቋጦ። እዚያ ላይ ነጭ፣ ጥቁርና ቢጫ ቀለበት ያለው፣ ጀርባው ላይ ሦስት ጥንድ ጥቁር ቀንድ የተከለ ትል አለ። ከታናሽ ወንድሜ ጋር በየዓመቱ ሁለት ሦስት እናሳድጋለን። ፑፓው ግን መቀነት የለውም፤ በጭራው ብቻ ዘቅዝቆ ነው የሚንጠለጠለው። አረንጓዴ ነው፣ ወርቅ የመሰለ ነጥብ አለበት። ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል ጉትቻ በሉት። በሙቀቱ የተነሳ አስር ቀን ገደማ ውስጥ ይወጣል። ብርቱካንማ ነው፤ የክንፉ ጫፍ ጥቁርና ነጭ።

የጦቢያ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ አደገኛ ነው። ቅጠሉን እኔ ነኝ የምቆርጠው፤ ወንድሜን አላስነካውም። ትሉ ግን ያንን መርዝ በልቶ በሰውነቱ ያስቀምጠዋል። ቢራቢሮ ከሆነም በኋላ አብሮት አለ። የቀመሰች ወፍ ሁለተኛ አትሞክረውም።

የባሕር ዳር እናት | መስከረም 25

ዛሬ ደስ የማይል ነገር ይዤ መጣሁ። የእኛ ሎሚ ለጋ ቅጠሉ ስላለቀ ከአንድ ጎረቤት ቅርንጫፍ ለመንኩ። ማታ ሰጠኋቸው። ጠዋት ሁለቱ «ኩሶች» ተጨማደው፣ አረንጓዴ ፈሳሽ ተፍተው ካርቶኑ ወለል ላይ ወድቀዋል። ለካ ዛፉ ከሳምንት በፊት ተረጭቶ ነበር። ጎረቤቴ ሳያስበው ነው የሰጠኝ፤ እኔም አልጠየቅኩም። ልጄ አልጮኸችም። በወረቀት ጠቅልላ ሎሚው ሥር ቀበረቻቸው።

ሌሎቹ ሁለቱ አድገው አረንጓዴ ሆነዋል። ሌላ ካርቶን ውስጥ ስለነበሩ ያንን ቅጠል አልነኩም።

መምህር ከደብረ ማርቆስ | መስከረም 25

እህቴ በጣም አዝናለሁ። የተረጨ ቅጠል ዋናው ገዳያቸው ነው። ታጥቦም አይታመንም፤ ከማታውቁት ዛፍ አትቀበሉ። ያንን ካርቶን ጣሉት። ብልቃጥ ከተጠቀማችሁ በበረኪና አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁ።

ቅጠሉ ቶሎ እንዳይጠወልግ ቅርንጫፉን ትንሽ ሃይላንድ ውስጥ በውኃ አቁሙት። የሃይላንዱን አፍ ግን በጥጥ ድፈኑት። ካለዚያ ትሉ ግንዱን ተከትሎ ይወርድና ውኃው ውስጥ ይሰምጣል። ፋንድያውን በየቀኑ ጥረጉ፤ እርጥበት ሻጋታ ያመጣል።

ከአዳማ የጉሎ ቅጠል | መስከረም 26

ስለ ክር ስታወሩ አላስቻለኝም። መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ስለ ሐር ትል ምርምር ያደርጋል፤ እህቴም ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆና ለተወሰነ ጊዜ የሐር ትል አርብታለች። ጉሎ የሚበላው ዓይነት ነው፣ ኤሪ የሚባለው። ነጭ፣ ወፍራም፣ ጣት የሚያህል። ቤቱ በመደርደሪያ ተሞልቶ ሌሊቱን ሁሉ ቅጠል ሲቆረጥም ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ነበር የሚመስለው።

እሱ ቢራቢሮ አይደለም፣ የእሳት እራት ነው። ፑፓው ራቁቱን አይቀመጥም፤ ዙሪያውን በክር ይሸፍናል። የታወቀው የቻይና ሐር ትል አንድ ረጅም ክር ሳይበጠስ እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ድረስ ይጠቀልላል። ያ ክር እንዳይበጠስ ፑፓውን በእንፋሎት መግደል ግድ ነው። የኤሪ ሽፋን ግን በአንድ በኩል ክፍት ነው። እራቱ ራሱ ወጥቶ ይሄዳል፤ ባዶው ሽፋን እንደ ጥጥ ይፈተላል። እህቴ እንዝርት ታውቅ ስለነበር ለመልመድ አልተቸገረችም። እራቶቹ ግን መብላት አይችሉም። ትል ሳሉ በበሉት ብቻ ጥቂት ቀን ኖረው እንቁላል ጥለው ያልፋሉ።

የባሕር ዳር እናት | መስከረም 29

መምህር፣ ልጄ አንድ ጥያቄ አላት፤ እኔ መመለስ አቅቶኛል። «ጎመን ቢራቢሮ ሲሆን እኔን ያውቀኛል?» ትላለች። ውስጡ ምን እየሆነ ነው? ሁለተኛው ትል ትናንት ፑፓ ሆኗል። ሦስተኛው ከካርቶኑ ሾልኮ ጠፋብን። ዛሬ በረንዳው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ አገኘነው። ይሄኛው ግን አረንጓዴ ሳይሆን ቡናማ ነው። አሞት ይሆን?

መምህር ከደብረ ማርቆስ | መስከረም 29

ቡናማው ጤነኛ ነው። ፑፓው በዙሪያው ያለውን ነገር ተከትሎ ነው አረንጓዴ ወይም ቡናማ የሚሆነው። ግድግዳ ላይ ነውና ግድግዳ መሰለ። ውጭ በመሆኑ ግን ትንሽ እፈራለታለሁ።

ስለ ውስጡ ልንገርሽ። ትሉ ሰውነት ውስጥ ጁቬናይል የሚባል ሆርሞን አለ። እሱ በብዛት እያለ ትሉ ቆዳውን በቀየረ ቁጥር ትልቅ ትል ብቻ ይሆናል። ሆርሞኑ ሲቀንስ የሚቀጥለው ቆዳ የፑፓ ይሆናል። ክንፉ ግን ያኔ ከምንም የሚፈጠር አይደለም። ለክንፍ፣ ለእግር፣ ለዓይን የተመደቡ ጥቃቅን የሴል ክምችቶች ትል ሳለም በውስጡ አሉ፤ ተጣጥፈው ቀናቸውን ይጠብቃሉ። ፑፓ ሲሆን የትሉ ጡንቻና አንጀት በአብዛኛው ይፈርሳል። የፈረሰው ለእነዚያ ክምችቶች ማደጊያ ይሆናል።

እኔ ለብዙ ዓመት «ውስጡ ሙሉ በሙሉ ሾርባ ይሆናል» ብዬ አስተምሬያለሁ። ልክ አልነበርኩም። እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝ ተመራማሪዎች ፑፓውን ሳይገድሉ በኤክስሬይ ስካን ቀን በቀን አይተውታል። የአየር ቱቦዎቹ ገና ከመጀመሪያው ቀን ቁልጭ ብለው ይታዩ ነበር። አንጎሉም ይታደሳል እንጂ ተጠርጎ አይጠፋም።

አጎቴ ንብ አናቢ ነው። እሱ በቀፎው ውስጥ ያለውን ፑፓ «ሙሽሬ» ነው የሚለው። ለልጅሽ ከ«ተገነዘ» ይልቅ ይሄን ንገሪያት።

ጤና አዳም ከሜሪላንድ | መስከረም 29

«ያውቀኛል?» ለሚለው እኔ ጋ አንድ ነገር አለ። እዚህ ቅርባችን ያለው የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት ጥናት ነው፤ ልጄ አንብቦልኝ አስረዳኝ። የትምባሆ ቅጠል የሚበላ ትል ወስደው አንድ ሽታ ሲያሸቱት ትንሽ ኤሌክትሪክ ያስነዝሩታል። ትሉ ያንን ሽታ መሸሽ ተማረ። ከዚያ ፑፓ ሆነ፣ የእሳት እራት ሆኖ ወጣ። ሽታውን ሲያቀርቡለት ብዙዎቹ ሸሹ! ገና ትንሽ ሳሉ የተማሩት ግን ረስተዋል። ሊለወጡ ሲቃረቡ የተማሩት ናቸው ያስታወሱት።

ስለዚህ ልጅሽን ያውቃታል አልልም። ሁሉንም ይረሳል ብዬም አልነግራትም።

የእኔዎቹ ሰባቱም ፑፓ ሆነዋል። ግን እዚህ ቀኑ አጥሯል። ትል ሳሉ የቀኑን ማጠር ስለሚያውቁ አሁን አይወጡም፤ ክረምቱን ፑፓ ሆነው ነው የሚያድሩት። በረንዳ ላይ መረብ ውስጥ ትቻቸዋለሁ። ባለቤቴ በረዶ ይገድላቸዋል ብሎ ወደ ሳሎን ሊያስገባቸው ፈለገ፤ ከለከልኩት። ማሞቂያው ጸደይ የደረሰ ያስመስልባቸዋል። ጥር ላይ ቢወጡ አንዲት አበባ የለም።

እዚህ ሰው በብዛት የሚያሳድገው ሞናርክ የሚባለውን ቢራቢሮ ነው። እኔ ግን በጅምላ ማርባቱን አልወደውም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በቤት ውስጥ ያደጉ ሞናርኮች ወደ ደቡብ አቅጣጫ መያዝ እንደተሳናቸው አሳይቷል። ክረምቱን የሚያልፉት ሜክሲኮ ደርሰው ነው፤ መንገዱ ከጠፋቸው ምን ዋጋ አለው? አምስት ስድስት ብቻ፣ ከደጅሽ የተገኘ፣ እዚያው ደጅሽ የሚለቀቅ። ከዚያ አይለፍ።

የባሕር ዳር እናት | ጥቅምት 4

ወጣች!!!

ትናንት ፑፓው ጠቆረ፤ በሽፋኑ በኩል ቢጫ ነጠብጣብ ይታይ ነበር። የክንፏ ቀለም መሆኑ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ልጄ ከንጋቱ ጀምሮ ፍራሿን ካርቶኑ አጠገብ አንጥፋ ተኛች። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ «እማ!» ብላ ጮኸች። ስደርስ ሽፋኑ ከላይ ተከፍቷል፣ ሁለት እግር ወጥቷል። ከዚያ መላ አካሏ ወጣ። ሆዷ ወፍራም፣ እርጥብ። ክንፏ ታጥቦ ሳይጨመቅ የተጣለ ጨርቅ ይመስላል፤ ከጥፍሬ አይበልጥም። ደነገጥኩ፤ ጎደሎ ሆና የተወለደች መሰለኝ። መምህር ከዚህ በፊት «እጅሽን ሰብስቢ» ስላሉኝ እጄን ከኋላዬ አደረግኩ።

ጭራሮውን ወጣች፤ ክንፏን ቁልቁል ለቀቀችው። ዓይናችን እያየ አደገ። ሆዷ በተነፈሰች ቁጥር እየቀጠነ ክንፉ ይዘረጋል። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሙሉ ሆነ። ምላሷ ደግሞ ሁለት ክር ሆኖ ነው የወጣው! እየጠቀለለች፣ እየዘረጋች አንድ አደረገችው። ከሥሯ ቡናማ ጠብታ ጣለች። ልጄ ደም መስሏት ልታለቅስ ነበር፤ ፑፓ ውስጥ ያጠራቀመችው ቆሻሻ መሆኑን ነገርኳት።

አምስት ሰዓት አካባቢ አጎበሩን ገለጥን። ጥቁር ናት፣ በሎሚ ቢጫ ነጠብጣብ የተሞላች። ከኋላ ክንፏ ታች ቀይና ሰማያዊ ዓይን አላት። ስትዘረጋው ከመዳፌ ይበልጣል። ልጄ ጣቷን ዘረጋችላት፤ ወጣችበት። እግሯ እንደሚቆነጥጥ ትላለች። ትንሽ ክንፏን አንቀጠቀጠች፤ ከዚያ በቆርቆሮው ላይ አልፋ ወደ ሐይቁ በኩል ሄደች።

የባለቤቴ እናት በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ወይ የፈጣሪ ሥራ!» አሉና እልል አሉ። ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ መጣ።

የድሬ ልጅ | ጥቅምት 4

እንኳን ደስ አላችሁ! እልልታው እዚህ ተሰማኝ። በኋላ የወፍ ቆሎ አበባ ያለበት ቦታ ፈልጓት፤ አይጠፉበትም። ከዝናብ በኋላ እርጥብ ጭቃ ላይ ተሰብስበው ሲጠጡ ካያችሁ ደግሞ ወንዶቹ ናቸው። ጨው ፍለጋ ነው።

የባሕር ዳር እናት | ጥቅምት 13

ሁለተኛዋም ትናንት በሰላም ወጣች። ግድግዳው ላይ የነበረው ግን አልሆነለትም። ዛሬ ሽፋኑ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ትንሽ ቀዳዳ አየን። ከዚያች ቀዳዳ ከትንኝ የሚያንሱ፣ አረንጓዴ የሚያብለጨልጩ ነገሮች አንድ በአንድ ይወጣሉ። ልጄ ሠላሳ አራት ቆጥራ ተወችው። ምንድን ናቸው?

መምህር ከደብረ ማርቆስ | ጥቅምት 13

ጥቃቅን ተርቦች ናቸው። ፑፓው ገና ቆዳውን እንዳወለቀ፣ ለስላሳ ሳለ እናቲቱ መጥታ እንቁላሏን በውስጡ ትጥላለች። ልጆቿ ውስጡን በልተው ያድጋሉ። እፈራለታለሁ ያልኩት ለዚህ ነው። ለልጅሽ እውነቱን ንገሪያት፤ የሚገባት ዕድሜ ላይ ናት። ከአንድ ፑፓ ሠላሳ አራትም፣ ከዚያ በላይም ይወጣል።

ችግኝ አፍይ ከመቂ | ጥቅምት 13

እማማ ልጅሽን አንድ ነገር ንገሪልኝ። እነዚያ ተርቦች የእኔ ሠራተኞች ናቸው። መድኃኒት የማልረጨው እነሱን ላለመግደል ነው። እነሱ ባይኖሩ በእጄ ለቅሜ አልዘልቀውም ነበር። ግን የቢራቢሮዋን ፎቶ ለልጆቼ አሳየኋቸው፤ እነሱም ካርቶን አምጣ ብለው ይዘውኛል። ከመደቡ የለቀምኩትን ሁለት ትል ሰጠኋቸው። ግቢ ውስጥ ካለው አሮጌ ብርቱካን ቅጠል እየቆረጡ ያበሏቸዋል።

ጤና አዳም ከሜሪላንድ | ሚያዝያ 21

ይህን ውይይት ከስድስት ወር በኋላ ስለቀሰቀስኩት ይቅርታ። ለማን እንደምነግር ጠፍቶኝ ነው።

ክረምቱን በሙሉ በረንዳ ላይ ነበሩ። በረዶ ወረደባቸው። አንድ ጠዋት መረቡ ራሱ በረዶ ሆኖ ነበር። በየሳምንቱ እየወጣሁ አያቸዋለሁ፤ ደረቅ ቅጠል ነው የሚመስሉት። ባለቤቴ «ሞተዋል፣ ተያቸው» አለኝ። ከሰባቱ ሁለቱ በእርግጥ ቀልለው፣ ውስጣቸው ባዶ ሆኖ ነበር። አምስቱ ግን ክብደት ነበራቸው።

ዛሬ ጠዋት ከሥራ በፊት ቡና ላፈላ ስል መረቡ ውስጥ ጥቁር ክንፍ አየሁ። ወጥታለች! ክንፏ ደርቋል። ጠርዙ ላይ ሁለት መስመር ቢጫ ነጥብ፣ ከኋላ ትንሽ ሰማያዊ። ሥራ ቦታ ደውዬ እዘገያለሁ አልኩ። መረቡን ከፈትኩላት፤ ብርዱ እስኪለቅ የማሰሮው ጠርዝ ላይ ቆየች። ከዚያ ከዘጠነኛው ፎቅ ወረደች።

የባሕር ዳር እናት | ሚያዝያ 21

እህቴ! ለልጄ አሁን አነበብኩላት። «ጤና አዳሙስ ተረፈ?» ብላ ትጠይቅሻለች።

ጤና አዳም ከሜሪላንድ | ሚያዝያ 21

ተርፏል በያት። ከግንዱ አቆጥቁጧል። ዛሬ ለቡናው አንዲት ጫፍ ብቻ ነው የቆረጥኩት፤ ሌላውን ለእነሱ ትቼዋለሁ።